ብልጭታ ሸጦ ያደረው ሰው

አጎቴ ግቢ ውስጥ፣ ከውኃ ታንከሩ ጎን፣ በሸራ የተሸፈነች አንዲት የድሮ የጀርመን ሞተር ሳይክል አለች። ዕድሜዋ የእኔን እጥፍ ይበልጣል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ቁራሌው በር ላይ ሲጣራ፣ አጎቴ አስገባውና ሸራውን ገለጠለት። ቁራሌው ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ ዋጋ ጠራ። በኪሎ! አጎቴ ዝም አለ። እኔ ግን ሆዴ ተላወሰ። ልጅ ሳለሁ ታንከሯ ላይ ተቀምጬ ከተማውን ያየሁባት ሞተር ናት። አንድ ወር እንዲሰጠኝ ለመንኩት፤ በወሩ ካልተስተካከለች ለቁራሌው እንደምትሸጥ ተስማማን።

ችግሯ የሚያናድድ ዓይነት ነው። ጠዋት በቅዝቃዜው በሁለተኛው ምት ትነሳለች። ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ጤነኛ ትሠራለች። ከዚያ ማስነጠስ ትጀምርና ድርግም ትላለች። አንዴ ከጠፋች ብትመቷት፣ ብትገፏት፣ ብትለምኗት፣ እስክትቀዘቅዝ ድረስ ወይ ፍንክች። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪዋን ነው። ለሁለት ጽሑፍ የተከፈለኝን ገንዘብ ይዤ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ምንም ለውጥ የለም።

የሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ መጥተው አዲሱን ባትሪ ሲያዩ ሳቃቸውን መደበቅ አልቻሉም። አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ባትሪውን ፈትተው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ ሞተሯን መቱ። ተነሳች። ያለ ባትሪ! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለካ ይቺ ሞተር ባትሪውን የምትፈልገው ለመብራት ብቻ ነው። ብልጭታዋን የምታመነጨው ራሷ ናት። መካኒኩ ከፊት ያለውን ክዳን ፈትተው ውስጡ ያለውን ዕቃ በካቻቢቴ ጫፍ አሳዩኝ። ማግኔቶ ይባላል። ላዩ ላይ አንድ ስም ታትሟል፤ ቦሽ።

ቦሽን የማውቀው በግድግዳ መብሻ ማሽን ነው። ሰው መሆኑን እንኳን አስቤው አላውቅም ነበር። በዚያ ምሽት ስልኬን ይዤ ስለ ሮበርት ቦሽ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሌሊቱ ሲጋመስም አላቆምኩም። ምክንያቱም ያገኘሁት የመካኒክ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ያነበብኩትን ነገር በገዛ ገንዘቡና በገዛ ሠራተኞቹ ላይ የሞከረ ሰው ታሪክ ነው። እስቲ ላውጋችሁ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባቡር ያፈናቀለው ቤት

ሮበርት ቦሽ መስከረም 23 ቀን 1861 በደቡብ ጀርመን፣ ኡልም ከተማ አጠገብ ባለች አልቤክ በምትባል መንደር ተወለደ። ከ12 ልጆች 11ኛው ነው። አባቱ ሰርቫቲየስ ገበሬም የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትም ነበሩ። ገቢያቸው የተንጠለጠለው በመንገዱ ላይ ነው፤ ጋሪ ነጂው ሲደክመው ያርፋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፈረሱን ይቀልባል። ከዚያ የባቡር ዘመን መጣ። ባቡር ደግሞ መንገድ ላይ አያድርም። አባትየው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባቸው በ1869 ቤቱን ሸጠው ቤተሰቡን ይዘው ኡልም ገቡ።

ልጁ ያኔ ገና 8 ዓመት አልሞላውም። አዲስ ቴክኖሎጂ የአንድን ቤተሰብ እንጀራ እንዴት እንደሚያነሳ የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ቤቱ ነው ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትምህርት ቤት አልሆነለትም። በ1876 ኡልም ውስጥ ለአንድ የረቂቅ መሣሪያዎች ሠራተኛ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ጌታው ግን ልጆቹን ለማስተማር ግድ የሌላቸው ሰው ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያገኘው ዕውቀት አብዛኛው በራሱ ጥረት የተገኘ ነው። ይህ ቂም ሆኖ ሳይሆን ትምህርት ሆኖ አብሮት ኖረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1913፣ ፋብሪካው ውስጥ ለተለማማጆች ብቻ የሚሆን የማሠልጠኛ ክፍል አቋቋመ። ያልተሰጠውን ነገር መስጠት የመረጠ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የመንከራተት ናቸው። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ከተማ፣ ከአንዱ ወርክሾፕ ወደ ሌላው። ሽቱትጋርት በሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አንድ ሴሚስተር ብቻ ተማረ። በ1884 ወደ አሜሪካ ተሻገረና ኒውዮርክ ውስጥ ለቶማስ ኤዲሰን ድርጅት ሠራ። በዚያው ናይትስ ኦፍ ሌበር የተባለ የሠራተኞች ማኅበር አባል ሆነ። በኋላ ሚሊየነር የሆነው ሰው የሠራተኛ ማኅበር አባልነት መታወቂያ የያዘ ወጣት ነበር። ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ፣ ከእንግሊዝ ወደ አገሩ ተመለሰ።

24 የነበረው 2 ሲቀር

ኅዳር 15 ቀን 1886 ቦሽ ከአባቱ በወረሰው ገንዘብ፣ በ10,000 ማርክ፣ ሽቱትጋርት ውስጥ አንድ አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈተ። 25 ዓመቱ ነው። ያሉት ሠራተኞች አንድ መካኒክና አንድ ተላላኪ ልጅ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ 1879 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት። እዚህ እንጦጦ ግርጌ ድንኳን ሲተከል፣ እዚያ ስሙ ዓለምን የሚዞረው ወርክሾፕ በሩን ይከፍት ነበር።

ሥራው ምንድን ነው ብትሉ የተገኘው ሁሉ ነው። ስልክ መዘርጋት፣ የኤሌክትሪክ ደወል መግጠም፣ የውኃ መጠን ከርቀት የሚያሳይ መሣሪያ መሥራት። በ1887 አና ካይዘርን አገባ። ደንበኞቹ ዘንድ የሚደርሰው በብስክሌት ነበር፤ ያኔ ደግሞ ብስክሌት ሽቱትጋርት ውስጥ ሰው ቆሞ የሚያየው ነገር ነው።

በዚያው በ1887 አንድ ደንበኛ ለቆመ ሞተር የሚሆን ማቀጣጠያ እንዲሠራለት ጠየቀው። ዶይትዝ የተባለው የሞተር ድርጅት ይጠቀምበት እንደነበረው ዓይነት። ቦሽ ሄዶ ዕቃውን አየው፣ የፓተንት ጥበቃ እንደሌለው አረጋገጠ፣ የራሱን ማሻሻያ ጨምሮበት ሠራው። ልብ በሉ፤ ማግኔቶን የፈለሰፈው እሱ አይደለም። ሌሎች የጀመሩትን ነገር አስተማማኝ እስኪሆን ድረስ አልለቅ ማለት ነው የእሱ ሥራ።

ግን ሀብቱ በአንድ ሌሊት አልመጣም። እንደውም ተቃራኒው ነው የሆነው። በ1892 ሥራ ጠፋና ከነበሩት 24 ሠራተኞች 22ቱን አሰናበተ። ሁለት ብቻ ቀሩ። ብድር ላይ ብድር ተቆለለ፤ እናቱና ዘመዶቹ ባይደግፉት ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ስድስት ዓመት ለፍቶ ከጀመረበት ቦታ ተመልሶ መቆም ምን እንደሚመስል አስቡት። ስለ ስኬታማ ሰዎች የሚሠሩት አጫጭር ቪዲዮዎች ይህቺን ዓመት በሁለት ሰከንድ ነው የሚያልፏት። እሱ ግን ዓመቷን ቀን በቀን ነው የኖራት።

ባለሦስት እግሯ መጣች

የዚያን ዘመን ሞተሮች ትልቁ ራስ ምታት ማቀጣጠል ነው። ቤንዚንና አየር ሲሊንደር ውስጥ ይደባለቃሉ፤ ግን በትክክለኛዋ ቅጽበት ማን ያቀጣጥላቸው? ዳይምለር በውጭ በኩል በእሳት ነበልባል የጋለ ቱቦ ይጠቀም ነበር። ቤንዚን የያዘ ነገር ላይ እሳት አንድዶ መንዳት! ቤንዝ ደግሞ በባትሪ ይሞክር ነበር፤ የዚያን ጊዜ ባትሪ ግን ረጅም መንገድ አይዘልቅም። በራሷ የምትበራ፣ ባትሪ የማትለምን፣ ነበልባል የማትፈልግ ብልጭታ ያመጣ ሰው ገበያው የእሱ ነው።

በ1897 ፍሬድሪክ ሲምስ የተባለ ነጋዴ ዴ ዲዮን ቡቶን የተባለ ድርጅት የሠራትን ባለሦስት እግር ሞተር ለቦሽ አመጣለትና ማግኔቶ እንዲገጥምላት ጠየቀ። የሞተር ሳይክል የቅርብ ዘመድ ናት እንበላት። ችግሩ ፍጥነቷ ነው። የቦሽ ማግኔቶ የተሠራው ረጋ ብለው ለሚዞሩ የቆሙ ሞተሮች ነው፤ ይቺ ግን በደቂቃ እስከ 1,800 ጊዜ ትዞራለች። የማግኔቶው ከባድ ክፍል በዚያ ፍጥነት ወዲያና ወዲህ መመላለስ አይችልም።

መፍትሔውን ያገኘው የወርክሾፑ ኃላፊ አርኖልድ ዜሪንገር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከባዱን ክፍል ባለበት አቁመን በመካከሉ ያለ ቀለል ያለ ሽፋን ብቻ እናንቀሳቅስ። ሠራ። መንገድ ላይ ለሚሄድ ተሽከርካሪ የሚሆን የቦሽ ማግኔቶ እንዲህ ተወለደ።

ግን አንድ ነገር ይቀር ነበር። ብልጭታው የሚፈጠረው ሲሊንደሩ ውስጥ ባሉ ተንቀሳቃሽ ብረቶች ነው። ብረቶቹን የሚገፉ ዘንጎች አሉ፤ ዘንጎቹ ይበላሉ፣ ይላላሉ፣ በየጊዜው መስተካከል አለባቸው። ቦሽ ይህን ጣጣ የሚያስቀር ነገር እንዲሠራ ጎትሎብ ሆኖልድ ለተባለ ወጣት ኢንጂነር አዘዘው። ሆኖልድ ቀደም ሲል በዚያው ወርክሾፕ ተለማማጅ የነበረ ልጅ ነው። በ1901 መጨረሻ ላይ ሥራውን ይዞ ቀረበ። ሁለት ጥቅል ሽቦ ያለው፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ ማግኔቶ። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለው ካንዴላ ብቻ። በጥር 1902 የፓተንት ጥበቃ አገኘ።

ይኸው አጎቴ ግቢ ውስጥ ያለችው ሞተር ውስጥ ያለው ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው። ማግኔት ይዞራል። ወፍራሙ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ፑንቲና የምትባለው ትንሽ በር በትክክለኛዋ ቅጽበት ትከፈትና የኤሌክትሪኩን መንገድ ትቆርጣለች። ያ ድንገተኛ መቋረጥ በቀጭኑ ጥቅል ሽቦ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይወልዳል፤ እሱም በካንዴላው ጫፍ ክፍተቱን ዘሎ ብልጭ ይላል። አጠገቧ ያለው ኮንደንሰር ደግሞ ፑንቲናዋ ስትከፈት ኤሌክትሪኩ እዚያው ዘሎ እንዳያቃጥላት ይጠብቃታል። በቃ ይኸው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ሐሳብ ዛሬም በእግር ሲመቱት ይሠራል።

ቁጥሮቹን እዩልኝ። አንድ ሺኛው ማግኔቶ የተሠራው በ1896 ነው፤ ከመጀመሪያው ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ። መቶ ሺኛው የተሠራው ግን በ1906 ነው። መጀመሪያ አንድ ሺህ በአሥር ዓመት ገደማ፣ ከዚያ 99 ሺህ በአሥር ዓመት።

ስምንት ሰዓት

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ መጣሁ። ያ መቶ ሺኛው ማግኔቶ በተሠራበት በ1906 ቦሽ በፋብሪካው የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን አወጀ። በጊዜው በጀርመን ፋብሪካዎች አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት የተለመደ ነው። በ1910 ደግሞ የቅዳሜ ከሰዓትን ዕረፍት አደረገው። ደመወዙም ከአካባቢው ፋብሪካዎች የተሻለ ነበር።

ሌሎች ባለፋብሪካዎች ተቆጡ። ቀዩ ቦሽ የሚል ስም ወጣለት፤ ሶሻሊስት ነህ ለማለት ነው። ታዋቂው የማርክሲዝም ጸሐፊ ካርል ካውትስኪ ደግሞ ጎረቤቱ ነበር፤ ስለዚህ ሐሜቱ መሠረት አላጣም። ግን ሂሳቡን ቁጭ ብላችሁ ስታዩት ነገሩ ምጽዋት አይደለም። የማግኔቶ ሥራ ረቂቅ ነው፤ የደከመ እጅ ይሳሳታል፤ የተሳሳተ ማግኔቶ ተመልሶ ይመጣል። በዚያ ላይ የሥራ ቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ፋብሪካው በቀን ሁለት ፈረቃ ማሠራት ይችላል። ውድ የሆኑት ማሽኖች ሥራ ፈትተው አይቆሙም። ሠራተኛው አጭር ሰዓት ይሠራል፣ ማሽኑ ረጅም ሰዓት ይሠራል፤ ሁለቱም ያተርፋሉ።

የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ከገበያው በላይ መክፈል ምርታማነትን እንዴት እንደሚያሳድግ ሲያስረዱ የሚጠሩት ሄንሪ ፎርድን ነው፤ በ1914 የቀን ደመወዝን 5 ዶላር፣ የሥራ ቀኑን ስምንት ሰዓት ያደረገውን። ቦሽ ስምንት ሰዓቱን የጀመረው ከእሱ ስምንት ዓመት ቀድሞ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ከአጎቴ ሞተር ነው የተማርኩት።

ይህ ማለት ግን ሰውየው ለስላሳ ነበር ማለት አይደለም። ቁጡ ነበር። ብክነት አይወድም። መሬት ላይ የወደቀች የወረቀት መያዣ ሽቦ አይቶ የማን ንብረት መሆኗን ለሠራተኛው በምሬት እንዳስረዳ የሚወራ ወግ አለ። ጥሩ ደመወዝ የሚከፍለው ሰውና ለአንዲት ሽቦ የሚቆጣው ሰው አንድ ሰው ናቸው። ለእኔ ይህ ተቃርኖ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ከአንድ ሂሳብ የወጡ ናቸው።

በ1913 ግን ያ ሁሉ መልካም ግንኙነት ተሰነጠቀ። ሠራተኞቹ አድማ መቱ፤ ሳምንታት ፈጀ። ለሠራተኛ ከማንም በላይ አደረግሁ ብሎ የሚያምነው ሰው የተከዳ መሰለው። ከዚያ ቀደም ሊቀላቀለው ያልፈለገው የአሠሪዎች ማኅበር አባል ሆነ። ከሠራተኞቹ በኩል ስናየውስ? ጥሩ የሚከፍል አሠሪም ቢሆን አሠሪ ነው፤ የሥራው ጫናና ፍጥነት እየጨመረ ሲመጣ የመናገር መብት አላቸው። እኔ እዚህ ጋ ዳኛ መሆን አልችልም። የማውቀው አንድ ነገር፣ ከአድማው በኋላም የስምንት ሰዓቱን ቀን አልሰረዘም።

ያልፈለገው ትርፍ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የቦሽ ሽያጭ እጅግ የሚበዛው ከጀርመን ውጭ ነበር። በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በአሜሪካ ቢሮና ፋብሪካ ነበረው። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተናደ። ጠላት የሆኑት አገሮች ንብረቱን ወረሱ። አሜሪካ ውስጥ የነበረው ድርጅቱ ተወርሶ ተሸጠ፤ ስሙ ሳይቀር በሌላ እጅ ገባ።

በአገር ውስጥ ግን የጦር ሠራዊቱ ትዕዛዝ ጎረፈ። የጦርነት ትርፍ ለቦሽ የሚዋጥ ነገር አልሆነለትም። ሚሊዮኖች ማርክ ለሕዝብ ጥቅም ሰጠ፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁ የኔካር ወንዝን ለመርከብ ምቹ ለማድረግ ለታሰበው ፕሮጀክት የዋለ ነው። ጦርነቱ በሽንፈት ሲያበቃ ገበያውን ከዜሮ መገንባት ነበረበት፤ ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቶ ሳለ።

በዚያው ዕድሜው፣ በ1921፣ ከሁሉ የከፋው መጣ። ይተካኛል ብሎ ያሰበው ወንድ ልጁ፣ ስሙም እንደ አባቱ ሮበርት የነበረው፣ ለዓመታት በነርቭ በሽታ ሲሰቃይ ቆይቶ ሞተ። ትዳሩም ከዚያ በኋላ አልዳነም፤ በ1927 በፍቺ አበቃ። ዳግም አግብቶ በስተርጅና ሁለት ልጆች ወለደ።

በዚያ ሐዘን መካከል ደግሞ ያ የልጅነቱ ባቡር ተመልሶ መጣ። በ1920ዎቹ መኪና ሠሪዎች ከማግኔቶ ይልቅ ርካሽ የሆነውን የባትሪ ማቀጣጠያ መምረጥ ጀመሩ። የቦሽ ቤት የቆመበት ምርት እንደ አባቱ እንግዳ ማረፊያ መንገዱ ሊዘጋበት ነው። አባትየው ቤቱን ሸጠው ሄዱ። ልጅየው ምን አደረገ? የባትሪ ማቀጣጠያውን በ1925 ራሱ ማምረት ጀመረ፤ የገዛ ማግኔቶውን ገበያ የሚበላውን ዕቃ። ያም ሆኖ በ1926 ገደማ ድርጅቱ በከባድ ቀውስ ውስጥ ገብቶ ብዙ ሠራተኛ ተቀነሰ። መውጫው አንድ ምርት ላይ አለመንጠልጠል ነበር። የመስታወት መጥረጊያ፣ በ1927 የናፍጣ መርጫ ፓምፕ፣ ቀጥሎ መብሻ ማሽን፣ በ1933 ማቀዝቀዣ። እኔ የማውቀው ቦሽ የተወለደው ከዚያ ጭንቀት ነው።

የጨለማው ዘመን

ይህን ክፍል ዘልሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ግን ልክ አይሆንም። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ቦሽ የፈረንሳይና የጀርመን እርቅ እንዲመጣ ለዓመታት የለፋ ሰው ነው፤ ናዚዎችን አልወደዳቸውም። ድርጅቱ በ1937 ካርል ገርደለርን አማካሪ አድርጎ ቀጠረው፤ ይህ ሰው ኋላ ሂትለርን ለመጣል በተደረገው ሴራ ዋና ተዋናይ ሆኖ የተገደለ ነው። የድርጅቱ ኃላፊ ሃንስ ቫልትስ አይሁዶችን ለመርዳት ባደረገው ጥረት ከጦርነቱ በኋላ ከእስራኤሉ ያድ ቫሼም ክብር ተሰጥቶታል።

በሌላ በኩል ያው ድርጅት ለናዚ ጦር ምርት ያቀርብ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካዎቹ ውስጥ በግዳጅ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሠርተዋል። የስምንት ሰዓት ቀን ያወጀው ሰው ስም ያለበት ፋብሪካ ውስጥ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ገርደለርን መቅጠርም የጦር ዕቃ ማምረትም በአንድ ድርጅት ውስጥ ተከናውነዋል።

ሮበርት ቦሽ መጋቢት 12 ቀን 1942 በ80 ዓመቱ ሞተ። የጠላው መንግሥት በክብር ቀበረው፤ እምቢ ማለት በማይችልበት ሰዓት።

ቀድሞ የጻፈው ኑዛዜ ግን ነበር። ፍላጎቱ የድርጅቱ ትርፍ ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ነው። አደራ የተሰጣቸው ሰዎችና ወራሾቹ ዓመታት ፈጅተው በ1964 ነገሩን መልክ አስያዙት። ዛሬ ከድርጅቱ አክሲዮን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽኑ ነው። ሽቱትጋርት ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሆስፒታል በ1940፣ ገና በሕይወት ሳለ ነው የተከፈተው።

ወደ ሸራው ስንመለስ

ሞተሯስ? የመካኒኩን አካሄድ ልንገራችሁ፤ የድሮ ሞተር ያለው ዘመድ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ እስክትጠፋ ድረስ አሠሯት። ሲቀዘቅዝ ጤነኛ የሆነችን ሞተር በቅዝቃዜዋ መመርመር ጤነኛን ሰው ማከም ነው አሉኝ። እንደጠፋች ካንዴላውን ፈቱ፣ ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስደግፈው እኔን ምታ አሉኝ። (ይህን ስትሞክሩ ቤንዚን አጠገባችሁ አይኑር፤ ብረቱንም በባዶ እጅ አትያዙ፣ ይነዝራል።) ብልጭታው ቢጫ፣ ቀጭን፣ አንዳንዴም የማይታይ ነው። ጤነኛ ብልጭታ ሰማያዊና ጠንካራ ነው። ካንዴላውን በአዲስ ቀየሩት፤ ያው። ስለዚህ ጥፋቱ ካንዴላው ላይ አይደለም።

ቀጥሎ ሞተሩን የሚያጠፋውን ሽቦ ከማግኔቶው ነቀሉት። ይህ ሽቦ ሥራው ማግኔቶውን ከብረቱ ጋር አገናኝቶ ብልጭታውን መግደል ነው። ሽፋኑ ተልጦ የሆነ ቦታ ብረት ከነካ ሞተሩ ሳይፈልግ ይጠፋል። ያም ደህና ነው። ከዚያ ፑንቲናዋን አዩ። ጫፎቿ ጠቁረዋል፣ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተቦርቡረዋል። በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አጸዷት፣ ክፍተቷን በመለኪያ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ አደረጉት። ሞተሯ ተነሳች። ሃያ ደቂቃ። ድርግም!

እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። ፑንቲና በዚህ ፍጥነት የሚቃጠለው ጠባቂው ሲሞት ነው። ጠባቂው ኮንደንሰሩ ነው። ፈትተው አወጡት። ከብዙ ዓመት በፊት ማን እንደገጠመው የማይታወቅ፣ ስምም ቁጥርም የሌለው ዕቃ ነው። ሲቀዘቅዝ ይሠራል፤ ሲሞቅ ውስጡ ይከዳል። ዙሪያው ያለው ሁሉ፣ ማግኔቱም፣ ጥቅል ሽቦውም፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ ደህና ነው። የከዳት ያቺ ስም የለሽ ትንሽ ዕቃ ናት። ትክክለኛ ልክ ያለው ኮንደንሰር ፈልገን ገጠምን። ዋጋው እኔ በከንቱ ከገዛሁት ባትሪ ዋጋ አሥረኛውን አይሞላም።

ያን ዕለት አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራች። አጎቴ ወንበር አውጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ምንም አላለም።

ቁራሌው የተባለው ወር ሳይሞላ ተመልሶ መጣና በር ላይ ተጣራ። አጎቴ ግቢው ውስጥ ሆኖ ድምፁን ሰማ። ሸራውን አንስቶ ለቁራሌው ሰጠው። ሞተሯ አዲስ ሸራ ያስፈልጋታል አለኝ፤ አንተ ደግሞ ያንን ባትሪ መልሰህ ግጠመው፣ ማታ ስንወጣ መብራት እንፈልጋለን።